በእጥፋቱ ላይ የተበጠሰ ወረቀት

(በራዲዮ ከተሰማው ታሪካዊ ንግግር ለጋዜጣ የተዘጋጀ)

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወገራን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ መጀመሪያ ዳባትን፥ ቀጥሎም ደባርቅን ያገኛል። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው የጧቱና የማታው ብርድ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነው። ከደባርቅ ወዲያ የስሜን ተራሮች ይጀምራሉ። ዋልያና ጭላዳ የሚሰማሩበት፥ አስታና ጅብራ የሚበቅሉበት ያ ገደላማ አገር ብዙ ጊዜ የተነገረለት ስለ ሆነ ዛሬ ወደዚያ አልወጣም። የዛሬው ነገሬ ከተራራው በታች፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስላየሁት አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ለሥራ ጕዳይ ወደዚያ አገር በሄድሁ ጊዜ፥ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ባለጕዳዮች ተራቸውን ሲጠብቁ፥ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወደ ጸሓፊው ቀረቡ። ከብብታቸው የቆዳ ኮሮጆ፥ ከኮሮጆው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ከ40 ዓመት በፊት በገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎ የተጻፈ የወሰን ውሳኔ ነበር። ክርክሩም በሽማግሌውና በጎረቤታቸው ግቢ መካከል በበቀለ የባሕር ዛፍ ተክል ነው። ጸሓፊው ተቀብሎ ሊዘረጋው ሲሞክር ወረቀቱ በአራት የታጠፈበትን መስመር ተከትሎ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰበረ። ከሁሉ የከፋው ግን ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ የሚናገረው መስመር ልክ በእጥፋቱ ላይ ስለ ዋለ፥ ቃሉ ደቅቆ ብናኝ ሆኖ ቀረ።

«አባቴ፥ ይህ እኮ አይነበብም፤ ሌላ ግልባጭ የለዎትም?» አለ ጸሓፊው።

«ልጄ፥ የኔ ይኸው ነው። ሌላውማ እናንተ ዘንድ ነበረ» አሉ ሽማግሌው።

በመዝገብ ቤት የነበረው ቅጂ ተፈለገ፤ አልተገኘም። ሽማግሌው አራቱን ቁራጮች መልሰው በጨርቁ ጠቅልለው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ጸሓፊውን ለመውቀስ አልተቻለኝም፤ ያልተነበበ ቃል አንብቤአለሁ ብሎ መፈረም አይችልምና። ሽማግሌውም ወረቀታቸውን የጠበቁት እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው። እንግዲያስ ጥፋቱ የማን ነው? አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ይዤ ከተመለስሁ በኋላ ያነበብሁትንና የጠየቅሁትን ነው ዛሬ ለእርስዎ የማቀርበው። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ትምህርት የለኝምና፥ ነገሩን የማስረዳው ለራሴ በገባኝ መንገድ ይሆናል።

በዚያው በጎንደርና በአካባቢው የርስት ውል መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን፥ ይልቁንም ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ፥ መሬት ሲሸጥ፥ ሲሰጥና ሲወረስ ውሉ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ ኅዳግ ወይም ባዶ በቀረ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጩ ስም፥ የገዢው ስም፥ ዋጋውና የምስክሮቹ ዝርዝር በአንድነት ይሰፍራል። ዶናልድ ክራሚ የተባሉ የታሪክ ምሁር እነዚህን የኅዳግ ጽሕፈቶች ለብዙ ዓመታት ሰብስበው፥ በክርስቲያናዊት ኢትዮጵያ ስለ ነበረው የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ አንድ ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወስደው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መካከል ብዙዎቹ ዛሬም በሎንዶን ይገኛሉ። በዝናብ፥ በበቅሎ ጀርባና በመርከብ ተጕዘው እንኳ ይነበባሉ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ከ250 ዓመት በፊት የተጻፈው የመሬት ውል ይነበባል፤ ከ40 ዓመት በፊት የተጻፈው ግን ደቅቆአል። የቀድሞዎቹ ጸሓፊዎች ከኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ልዩነቱ ከጸሓፊው ይልቅ በሚጻፍበት ነገር ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ብራና ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይሠራል። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ፥ በዕንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ተወጥሮ፥ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ፥ በድንጋይ ታሽቶ እንደ ተወጠረ ይደርቃል። ቆዳ በዓይን ሲያዩት አንድ ወጥ ይምሰል እንጂ፥ ውስጡ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ እጅግ ቀጫጭን ቃጫዎች አሉት። እነዚህ ቃጫዎች ተወጥረው ሳሉ ስለሚደርቁ ተነባብረው ተኝተው ይቀራሉ። የብራናም ጥንካሬ ከዚህ የመጣ ነው። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት ብራናቸው በካርቦን ምርመራ ሲታይ ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠራ ተረጋግጦአል። ብራና ፋቂው ቃጫ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም፤ በጣቱ እየዳሰሰ፥ በብርሃን አንጻር እያየ ስስና ወፍራሙን ይለይ ነበር።

ወረቀትም ቢሆን ሁልጊዜ ደካማ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ይጻጻፉ ነበር። ደብዳቤዎቻቸውም ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ታትመዋል። እኒህ ደጃዝማች ናቸው ደረስጌ ማርያምን በስሜን ያሠሩት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ከሆኑ በኋላ ግን፥ እርሳቸው ባሠሩት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ካሣ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ዘውድ ጫኑ። በደጃዝማች ውቤ ዘመን በአውሮፓ ይሠራ የነበረው ወረቀት በአብዛኛው ከአሮጌ የተልባ እግርና የጥጥ ጨርቅ የሚገኝ ነበር። ጨርቁ ተቀዶ፥ በውሃ ውስጥ ተወቅጦ፥ ቃጫው እስኪበተን ድረስ ይደቅቃል፤ ከዚያ በወንፊት ላይ ተጠልሎ ይደርቃል። የጥጥ ቃጫ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ይረዝማልና፥ ተቀጥቅጦ ቢያጥር እንኳ እርስ በርሱ የሚያያዝበት ርዝመት ይተርፈዋል።

ወረቀት የተጠላለፈ ቃጫ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቻይናዊው ጻይ ሉን እ.ኤ.አ. በ105 ዓ.ም. ለንጉሡ ያቀረበው ወረቀት ከዛፍ ልጥ፥ ከቃጫ ተክል፥ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ የተሠራ ነበር ይባላል። «ቃጫ» ስል ለገመድ የሚሆነውን ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በማናቸውም ዕንጨትና ሣር ውስጥ ያለውን፥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግረውን ቀጭን ቱቦ ማለቴ ነው። ሬኦሚር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1719 ተርብ ዕንጨት አኝካ ቤቷን ከወረቀት መሰል ነገር እንደምትሠራ ተመልክቶ፥ ሰውም ከዕንጨት ወረቀት ለመሥራት እንደሚችል አስገነዘበ። ነገሩ በሥራ እስኪገለጥ ድረስ ግን ከ120 ዓመት በላይ ዐለፈ። ጀርመናዊው ኬለር ዕንጨት በድንጋይ ፈጭቶ ወረቀት ያወጣው በ1844 ነው። የሚገርመው፥ ተርብ በየቤታችን ጣራ ሥር ስትሠራ እያየን ስንኖር ይህን አንዳችንም አላሰብነውም።

ወረቀት ከዕንጨት መሠራት ከጀመረ በኋላ ረከሰ፤ ጋዜጣ በዛ፤ ትምህርት ቤት ደብተር አገኘ። በአገራችንም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፥ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም፥ የመንግሥት ሥራ በብራና ሳይሆን በዚህ በርካሹ ወረቀት ላይ ሆነ። ነገር ግን ሁለት ደካማነት አብሮ መጣ። አንደኛው፥ በድንጋይ የተፈጨ ዕንጨት ቃጫው ስለሚቈራረጥ አጭር ይሆናል። ሁለተኛው፥ ቀለም እንዳይሰርግ ወረቀቱ በጥድ ሙጫና በሸብ ይታሽ ነበር። ይህንን ዘዴ ያገኘው ኢሊግ የተባለ ጀርመናዊ በ1807 ነው። ሸብ አሲድ ነው፤ አሲድም ዓመት በዓመት ቃጫውን ከውስጡ ይበላዋል።

ይህን በቍጥር ያስረዳው በአሜሪካ በቨርጂኒያ የነበረ ዊሊያም ባሮው የተባለ መጽሐፍ አዳሽ ነው። ባሮው ከ1900 እስከ 1949 የታተሙ 500 መጻሕፍት ሰብስቦ ወረቀታቸው ሲታጠፍ ስንት ጊዜ እንደሚችል መረመረና፥ አብዛኞቹ ሌላ 50 ዓመት እንኳ እንደማያገለግሉ በ1950ዎቹ መጨረሻ አስታወቀ። የማጠፊያው መሣሪያ አሠራር ቀላል ነው። 15 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ዘለላ በክብደት ተወጥሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ እስኪበጠስ ድረስ ይቈጠራል። ጥሩ ወረቀት ብዙ መቶ ጊዜ ይችላል፤ የተበላ ወረቀት በአንዱ ወይም በሁለቱ ይበጠሳል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የደባርቁ ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። ሽማግሌው የዳኝነት ወረቀታቸውን ለጎረቤት፥ ለልጅ፥ ለሹም ባሳዩ ቍጥር እየዘረጉ እያጠፉ፥ ሳያውቁት ይህንኑ ምርመራ 40 ዓመት ሙሉ ሲያካሂዱ ኖረዋል።

አሁን ወደ መለካቱ ነገር ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሳበኝ እርሱ ነውና። የቃጫን ርዝመት መለካት የሊቃውንት ፈጠራ ብቻ አይደለም። እናቴ ጥጥ ስትገዛ ቁንጥር አድርጋ በሁለት እጅዋ ትስበው ነበር። ቶሎ የተበጠሰውን ትመልሰዋለች፤ እየተጐተተ የሚረዝመውን ትይዛለች። ደጋን ነድፎት፥ ባዘቶ ሆኖ፥ በእንዝርት ላይ ሲዞር ረጅሙ ቃጫ ፈትሉን እንደማያሳፍር ታውቃለች። የዕንጨት ቃጫ ግን እንዲህ በእጅ አይሳብም። የጥድ መሰል ዛፎች ቃጫ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ ወደ 1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፥ ወርዱ የሚሊሜትር 50ኛ ያህል ቢሆን ነው። በአንድ ግራም የባሕር ዛፍ ፐልፕ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቃጫ ይገኛል። ይህን ማን ቈጥሮ ይዘልቀዋል?

ቀድሞ የሚደረገው እንዲህ ነበር። ፐልፑ በብዙ ውሃ ይቀጥንና ጠብታው በመስተዋት ላይ ይደረጋል፤ በማይክሮስኮፕ ተጐልቶ ምስሉ በነጭ ሰሌዳ ላይ ይጣላል። ከዚያ ሠራተኛው በካርታ ላይ መንገድ እንደሚለካበት ያለ ትንሽ መንኰራኵር ይዞ እያንዳንዱን ቃጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተላል። ጥቂት መቶ ቃጫ ለመለካት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ዓይንም ይደክማል። በዚያ ላይ ሰው ሳያስበው ረጃጅሙን መምረጥ ይወዳል፤ ትንንሹን ይዘለዋል። የፋብሪካ ሰዎች ይህን ለመሸሽ ሌላ ብልሃት አበጁ። አንዱ እየጠበቡ በሚሄዱ ወንፊቶች ማበጠር ነው። እህል በወንፊት እንደሚለይ ሁሉ፥ ረጅሙ ቃጫ በመጀመሪያው ወንፊት ላይ ይቀራል፤ አጭሩ ዐልፎ በሚቀጥለው ይያዛል። ሌላው በካናዳ የተበጀው የውሃ ማሳለፊያ ሙከራ ነው። 3 ግራም ደረቅ ፐልፕ በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በወንፊት ላይ ይፈስሳል፤ በጎን ቀዳዳ የወጣው ውሃ በሚሊሊትር ይለካል። ጠላ በጥሩ ማጥለያና በተደፈነ ማጥለያ ሲጠለል ልዩነቱን ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ውሃው ቶሎ ከወረደ ፐልፑ ገና አልታሸም ወይም ብናኝ የለውም፤ ከዘገየ ብዙ ታሽቶአል። ይህ ሙከራ እስከ ዛሬ አልተተወም። ችግሩ ግን የሚነግረው የሁሉንም ድምር እንጂ የቃጫውን መልክ አለመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ «አማካይ» ጥቂት ልናገር፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ስንጽፍ እኛም የምንሳሳትበት ነውና። 10 ቃጫ አለን እንበል። ዘጠኙ ብናኝ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 0.1 ሚሊሜትር ናቸው። አሥረኛው 3 ሚሊሜትር ነው። ድምሩ 3.9 ስለ ሆነ ለ10 ሲካፈል አማካዩ 0.39 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው ፐልፑ ከንቱ ነው ይላል። ነገር ግን ወረቀቱን አያይዞ የሚያቆመው ረጅሙ ቃጫ ነውና፥ ለእያንዳንዱ ቃጫ እንደ ርዝመቱ መጠን ክብደት ከተሰጠው አማካዩ ወደ 2.33 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ቃጫዎቹ እነዚያው ናቸው፤ መልሱ ግን ስድስት እጥፍ ያህል ተለየ። ስለዚህ የቃጫ ርዝመት ሲነገር በየትኛው አማካይ እንደ ተሰላ የማይገልጽ ሰው ገና ምንም አልተናገረም።

ይህን ሁሉ ስሌት በቅጽበት የሚያደርግ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፊንላንድ፥ ካያኒ ከተባለች የወረቀት ከተማ ወጣ። መሣሪያው የከተማዪቱን ስም ይዞ በዓለም ታወቀ። ብልሃቱ የተመሠረተው ቃጫ በብርሃን ላይ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ከተላከ፥ ከፊቱ የተገተረ ተሻጋሪ ማጣሪያ ፈጽሞ ያግደዋል፤ ማዶው ጨለማ ይሆናል። የዕንጨት ቃጫ በመካከል ሲያልፍ ግን የብርሃኑን አቅጣጫ ስለሚያጣምመው በጨለማው ውስጥ ብልጭ ይላል። የአየር አረፋና ሌላ ቆሻሻ ግን ይህን አያደርግም። እንግዲህ በውሃ የቀጠነው ፐልፕ ከግማሽ ሚሊሜትር በሚቀጥን የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ይሳባል፤ ቃጫው አንድ በአንድ ተራ ይዞ ያልፋል፤ ብልጭታው ምን ያህል እንደ ሆነ መሣሪያው ያነብባል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ሺህ ቃጫ ይለካል። መሣሪያው አይደክምም፤ ረጅሙንም ከአጭሩ አያስበልጥም።

በ1990ዎቹ ደግሞ በካናዳ፥ በስዊድንና በፈረንሳይ ካሜራ የተገጠመላቸው መሣሪያዎች ተሠሩ። እነዚህ የሚያዩት ርዝመቱን ብቻ አይደለም። ወርዱን፥ መጠምዘዙን፥ የተሰበረበትን ቦታ፥ የብናኙን ብዛት ሁሉ ይመዘግባሉ። የተጠማዘዘ ቃጫ ጭነት አይሸከምም፤ ልክ እንደ ላላ ገመድ ነው። በኋላም መሣሪያው ከላቦራቶሪ ወጥቶ በፋብሪካው ቧንቧ አጠገብ ቆመ። ማንም ሳያዘው ከሚፈስሰው ፐልፕ ጥቂት ቀድቶ፥ አቅጥኖ፥ ለክቶ ያስታውቃል። ማሻው ከመጠን በላይ ቃጫ እየቈረጠ እንደ ሆነ፥ ቀድሞ ወረቀቱ ተሠርቶ ሲቀደድ ይታወቅ የነበረው አሁን ገና በቧንቧ ሳለ ይታወቃል።

እኔ ግን መሣሪያን ከመጠን በላይ ማመስገን አልወድም። ቃጫው ረጅምና ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ በአሲድ ከታሸ ከ40 ዓመት በኋላ ያው ብናኝ ነው፤ ካሜራው ይህን አያይም። በአንጻሩ አጭር ቃጫ ሁሉ ክፉ አይደለም። ይህን ያወቅሁት ሽማግሌው ስለ ተከራከሩበት ዛፍ ስጠይቅ ነው።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ በዳባትና በደባርቅ ከግቢ አጥር እስከ ኮረብታው ጫፍ የሚታየው በአብዛኛው ይኸው ነጩ ዓይነት ነው። ለማገዶ፥ ለቤት ማገር፥ ለሽያጭ ይቈረጣል፤ ምንጭ ያደርቃል እየተባለም ይወቀሳል። ይኸው ዛፍ በፖርቱጋልና በስፔን የመጻፊያ ወረቀት ይሠራበታል። በፖርቱጋል በ1950ዎቹ የባሕር ዛፍ ፐልፕ በአዲሱ ኬሚካላዊ ዘዴ መሥራት ሲጀመር፥ አጭር ቃጫ ምን ይረባል ያሉ ነበሩ። መለኪያው ግን ሌላ ነገር አሳየ። ቃጫው አጭር ቢሆንም ብዛቱ እጅግ ነው፤ ወርዱም እኩል ነው። ስለዚህ ገጹ የለሰለሰ፥ ማዶው የማያሳይ፥ ቀለም የማያፈስ ወረቀት ይወጣዋል። ጥንካሬ ሲፈለግ ጥቂት ረጅም ቃጫ ይጨመርበታል። እርስዎ ዛሬ በቢሮዎ የሚያትሙበት ነጭ ወረቀት ከባሕር ዛፍ የተሠራ ቢሆን አይደነቅም።

በኛ አገር ግን ዛፉ አለ፤ ፐልፑ የለም። በ1960ዎቹ በወንጂ የተቋቋመው የወረቀት ፋብሪካ ለብዙ ዘመን የሠራው ከውጭ በመጣ ፐልፕና በተሰበሰበ አሮጌ ወረቀት ነው። በአጠገቡ ያለው የስኳር ፋብሪካ የሸንኰራውን ገለባ በምድጃ ያነድደዋል፤ ያም ገለባ በሕንድና በሌሎች አገሮች ወረቀት ይሆናል። በአዊ ደጋ የሚበቅለው ቀርከሃ ከባሕር ዛፍ የረዘመ ቃጫ አለው። ዛፍ መኖሩ ብቻ ፋብሪካ አያቆምም፤ ንጹሕ ውሃ፥ ኬሚካልና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህን አልክድም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አሮጌ ወረቀት ደጋግሞ ሲበጠበጥ ቃጫው በየጊዜው ያጥራል፤ ብናኙም ይበዛል። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ጋዜጣ ቢታተም ጕዳት የለውም፤ የፍርድ ውሳኔ ቢጻፍበት ግን እንዴት ይሆናል?

አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ በመንግሥት ሥራ ላይ ከሆኑ ወረቀት በጨረታ ሲገዛ አይተዋል። ቅጹ ላይ ስፋቱ፥ ክብደቱና ዋጋው ይጻፋል። ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚጠይቅ መስመር ግን እኔ ባየኋቸው ቅጾች ላይ የለም። ይህን የሚመልስ ደንብ ግን በዓለም አለ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1994 ቍጥር 9706 የተባለውን የዘላቂ ወረቀት ደረጃ አወጣ። ወረቀቱ ከአሲድ ነጻ መሆን አለበት፤ አሲድ ከአየር ቢመጣ የሚያበርድለት ቢያንስ 2 በመቶ ያህል የኖራ ድንጋይ መሰል ነገር በውስጡ ሊኖር ይገባል፤ መቀደድን የመቋቋም ኃይሉም ተወስኖአል። ይህን የሚያሟላ ወረቀት በክብ ውስጥ የተጋደመ 8 ቍጥር የመሰለ ምልክት ይደረግበታል። ሁሉም ደብዳቤ በዚህ ይጻፍ አልልም፤ የስብሰባ ጥሪ ለሳምንት ቢኖር ይበቃዋል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ለገበሬ የሚታደለው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፥ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ከባለቤቱ ዕድሜ እንዲያልፍ የታሰበ ነው። በየባንኩና በየሱቁ መሣሪያ በሙቀት የሚታተመውን ደረሰኝ እንኳ አልቈጥረውም፤ እርሱማ ጽሕፈቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ማስረጃ ይሆነኛል የሚል ሰው ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ያንሣው።

የሽማግሌው ጕዳይ በዚያ ቀን አላለቀም። በማግስቱ ሦስት ሰዎች ይዘው መጡ፤ ሁለቱ ሸንጎው በተቀመጠበት ቀን የነበሩ፥ አንዱ የጎረቤታቸው ታላቅ ወንድም ናቸው። ወሰኑ ከአሮጌው የጥድ ጕቶ እስከ ውሃ መውረጃው እንደ ነበረ ሦስቱም በአንድ ቃል ተናገሩ። ጎረቤትየውም ወንድሙ ከመሰከረ በኋላ አልተከራከረም። ጸሓፊው የምስክሮቹን ቃል በኮምፒዩተር ጽፎ አተመና ማኅተም አደረገበት። እኔም ወረቀቱ የወጣበትን እሽግ አንሥቼ መጠቅለያውን አየሁት፤ ከባሕር ዛፍ ፐልፕ እንደ ተሠራ ተጽፎበታል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ የከተማው ባሕር ዛፍ በነፋስ ይወዛወዝ ነበር።

«አባቴ፥ ይህን አይጠፉት፤ በደብተር መካከል ዘርግተው ያኑሩት» አልሁአቸው።

«እሺ ልጄ፥ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጥቂት ተመለከቱት፤ ከዚያም እንደ ቀድሞው በአራት አጥፈው ወደ ኮሮጆአቸው ከተቱት።